ላለፈ ክረምት የተሠራ ቤት

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ መምህር። ሐዋሳ የምንኖር ጓደኛሞች ነን። እሁድ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ አካባቢ እየተገናኘን፣ ቡና እየጠጣን ስላነበብነው ልብ ወለድ እናወራለን። በቅርቡ ‹ታላቁ ጋትስቢ›ን ጨረስን፤ ግን መስማማት አልቻልንም። ወንዶቹ ‹ዴዚ ብር ወዳድ ናት፣ ጋትስቢን ድሃ ስለነበረ ተወችው› ይላሉ። እኔ ‹እንደዛ ከሆነ ሀብታም ሆኖ ሲመጣ ለምን አልሄደችም?› ብዬ ጠየቅኳቸው። መልስ ያገኘ የለም። ከመሃላችን አንዱ ደቡብ አፍሪካ ለዓመታት ሠርቶ የተመለሰ ነው። ብዙ ዝም ብሎ ቆየና ‹መጽሐፉ ውሸት ነው፣ ገንዘብ የማይመልሰው ነገር የለም› አለ። በድሮዎቹ ታላላቅ ልብ ወለዶች ገንዘብ ይዞ የተመለሰ ወንድ ያጣትን ሴት ያገኘበት ታሪክ አለ? ወይስ ደራሲዎቹ ሀብታም መቅጣት ይወዳሉ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ያረፈው። ዴዚ የምትፈልገው ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ባለቀ ነበር። ብሩ መጥቷል። ቤቱ ተገዝቷል። እሷም መጥታ ክፍል በክፍል ዞራ አይታዋለች። ከዚያ በኋላ ግን ገና አራት ምዕራፍ ይቀራል።

ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልንገርሽ። እንደ ጋትስቢ ባሉ ልብ ወለዶች ውስጥ ገንዘቡ የማይሠራው ገንዘብ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ገንዘቡ ለእሷ ስላልሆነ ነው። ሰውየው «ለእሷ ብዬ ያገኘሁት ነው» ይላል፤ ከልቡም ያምነዋል። ወጪውን ስትከታተዪ ግን ብሩ የሚሄደው ለናቁት ሰዎች መልስ ለመስጠት ነው። እሷን «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። ይህን ይዘሽ አራት መጻሕፍት አብረን እንይ። ጋትስቢ ላይ ግን ረዘም አድርገን እንቆያለን፤ ክርክራችሁ እዚያ ላይ ነውና።

መጀመሪያ «ድሃ ስለነበረ ተወችው» የሚለውን እንመርምር። ይህን ያለው ማነው? ራሱ ጋትስቢ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ፕላዛ ሆቴል ከባሏ ከቶም ጋር ሲፋጠጥ፣ ያገባችህ እኔ ድሃ ስለነበርኩና መጠበቅ ስለሰለቻት ነው ይለዋል። ስምንተኛው ምዕራፍ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1917 ሉዊቪል ከተማ ሲተዋወቁ ጋትስቢ ወጣት መኮንን ነበር። ኪሱ ባዶ ነው። የወታደር ልብሱ ግን ሁሉንም እኩል ያደርጋል። እሱም እንደ እሷ ያለ ቤተሰብ ልጅ እንደሆነ፣ ሊያኖራት እንደሚችል እንድታምን ተዋት። ማለትም ዴዚ ድሃ መሆኑን አታውቅም ነበር። የምታውቀው ጦርነቱ አልቆ እንኳ አለመምጣቱን ነው። እሱ በዚያን ጊዜ ኦክስፎርድ ተልኮ እዚያ ተይዟል። እሷ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ለምን እንደማይመጣ አይገባትም። ዕድሜዋ እየሄደ ነው፣ ሕይወቷ መልክ እንዲይዝላት ትፈልጋለች። በዚህ መሃል ቶም ቡካናን መጣ።

ብዙ ሰው «ሀብታም ሴት ድሃ ወንድ አታገባም» የሚለውን ንግግር ከመጽሐፉ ያነበበው ይመስለዋል። መጽሐፉ ውስጥ የለም። በ1974ቱ ፊልም የገባ ነው። ምናልባት ጓደኞችሽ ፊልሙን አይተው ይሆናል፤ አንዲት አረፍተ ነገር መጽሐፍ ስታጠምም እንዲህ ነው።

ደራሲው ስኮት ፊትዝጄራልድ ዴዚን በደንብ ያሳየን አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ሰኔ 1919፣ የሠርጉ ዋዜማ። ቶም 350,000 ዶላር የሚገመት የዕንቁ ሐብል ሰጥቷታል። ጓደኛዋ ጆርዳን ክፍሏ ስትገባ ዴዚ ሰክራ አልጋ ላይ ተዘርራለች። በአንድ እጇ ጠርሙስ፣ በሌላው ደብዳቤ ይዛለች። ዕንቁውን ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥታ «መልሱለት፣ ዴዚ ሐሳቧን ቀይራለች በሉ» ትላለች። ገላዋን ሲያጥቧት እንኳ ደብዳቤውን አልለቅ አለች፤ ውኃው ውስጥ እስኪበታተን ጨበጠችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ዕንቁው አንገቷ ላይ ነበር፤ በማግስቱ ተዳረች።

እንግዲህ ንገሩኝ፣ ይህች ብር ወዳድ ብቻ ናት? 350,000 ዶላር ቆሻሻ ውስጥ የጣለች ሴት ናት። መልሳ ያጠለቀችውም እሷው ናት። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው በአጠገቧ የለም፤ ዕንቁውን የሰጣት ሰው፣ ቤተሰቧና እንግዶቹ ግን ቤቱን ሞልተውታል። እኔ እንደማነበው ዴዚ ደካማ ናት፤ ደካማነቷም በኋላ ሰው እስከ ማስገደል ይደርሳል። ግን «ብር ወዳድ» ብለን ከዘጋነው ይህን ሁሉ ማየት እናቆማለን።

አሁን ጋትስቢ ብሩን ያገኘ ጊዜ እንሂድ። ዴዚ ከውኃው ማዶ ትኖራለች። እሱ ከወዲህ ማዶ ግዙፍ ቤት ገዛ። ማታ ማታ የእሷ ቤት መውረጃ ላይ የሚበራውን አረንጓዴ መብራት ያያል። አሞራ ገደል ቆሞ የሐይቁን ማዶ መብራት የሚያይ ሰው አስቢ፤ በጀልባ ቢነሳ የሚደርስበት ቦታ ነው። ጋትስቢ ግን አልተነሳም። ደብዳቤ አልጻፈም፣ በሯን አላንኳኳም። ድግስ ደገሰ። አርብ አርብ አምስት ሳጥን ብርቱካንና ሎሚ ከኒውዮርክ ይመጣለታል። የማያውቃቸው ሰዎች በመቶዎች ይመጣሉ፣ ይጠጣሉ፣ ሐሜቱን ያወሩበታል፣ ይሄዳሉ። ተስፋው አንድ ቀን እሷም ድንገት ትመጣለች የሚል ነበር። መጨረሻ ላይ የተገናኙትም በድግሱ አይደለም። ጎረቤቱ ኒክ ትንሿ ቤቱ ውስጥ ሻይ ጠርቷት ነው። ያ ሁሉ ወጪ ያላመጣትን ሰው አንድ የሻይ ግብዣ አመጣት።

ከዚያ ቤቱን ሲያስጎበኛት ከእንግሊዝ የሚመጡለትን ሸሚዞች አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይከምራል። ዴዚ ፊቷን ሸሚዞቹ ውስጥ ቀብራ ታለቅሳለች፤ እንደዚህ ያለ የሚያምር ሸሚዝ አይቼ አላውቅም፣ ስለዚህ አዘንኩ ትላለች። ይህችን ቦታ እየጠቀሱ የሚስቁባት ብዙዎች ናቸው። እኔ አልስቅም። ስለ አምስት ዓመት ማልቀስ ከፈለግሽ፣ ባልሽ ደግሞ በሕይወት ካለ፣ የምትይዢው ሰበብ ያስፈልግሻል። ሸሚዙ ሰበቧ ነው።

አንድ ቀን ዴዚ ከቶም ጋር ድግሱን ልታይ መጣች። አልወደደችውም። ጋትስቢ ይህን አየ፤ «አልወደደችውም» ብሎ ለኒክ ነገረው። ድግሱ ከዚያ ወዲያ ቀረ። የዚያን ሁሉ ወጪ ዋጋ የሚያውቀው በዚህ ምሽት ነው፤ እሷ የምትወደው ነገር ሆኖ አያውቅም ነበር። ቀድሞ ቢጠይቃት ኖሮ በአንድ ቀን ያውቀው ነበር።

አሁን ወደ ፕላዛ ሆቴል እንመለስ፤ የጥያቄሽ መልስ ያለው እዚያ ነው። ጋትስቢ ዴዚን «ቶምን አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም በዪ» ይላታል። ቶምን ተዪው ብቻ አይደለም ያላት። አምስቱ ዓመት አልነበረም በዪ ነው። እሷም የምትመልሰው በግርድፉ ይህን ነው፦ አሁን እወድሃለሁ፣ ይህ አይበቃም? ያለፈውን ልለውጠው አልችልም። ያኔ እሱንም ወድጄዋለሁ፣ አንተንም እወድህ ነበር።

አየሽ እህቴ? «ለምን አልሄደችም» ብለሽ ነበር። እስከዚህ ደቂቃ ድረስ እየሄደች ነበር! «አሁን እወድሃለሁ» አለችው። ብዙ ሰው ይህን ለመስማት ዕድሜውን ይሰጣል። ለጋትስቢ ግን አልበቃውም። ቀደም ሲል ኒክ «ያለፈን መድገም አይቻልም» ሲለው «እንዴት አይቻልም? ይቻላል እንጂ!» ብሎ የመለሰ ሰው ነው። የዴዚን ትንሽ ልጅ ሲያያት እንኳ ተገረመ፤ ኒክ እንደታዘበው ልጅቷ በእርግጥ መኖሯን ከዚያ በፊት ያመነ አይመስልም። እኛ «ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» እንላለን። ጋትስቢ የሠራው ልክ ያንን ቤት ነው። ለ1917 የሚሆን ቤት በ1922 ገዛ። ዴዚ የምትኖረው ግን በ1922 ነው፤ ልጅ አላት፣ ትዳር አላት፣ መጥፎም ቢሆን የራሷ ታሪክ አላት።

ሁለተኛው ምክንያት የብሩ ዓይነት ነው። ጊዜው አሜሪካ መጠጥ የከለከለችበት ነው፤ ከ1920 እስከ 1933 የዘለቀ ሕግ። ጋትስቢና አጋሩ ፋርማሲዎች ገዝተው መጠጥ ይሸጡ ነበር። ቶም ይህን አስጠንቶ ፕላዛ ላይ አፈረጠው። ዴዚ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ወደ ራሷ እየተሰበሰበች ትሄዳለች። የቶም ብር ከአባት የወረደ ነው፣ ማንም አይጠይቀውም። የጋትስቢ ብር ዛሬ አለ፣ ነገ ፖሊስ ሊያነሳው ይችላል። ልጅ ያላት ሴት ይህን ብታስብ አይፈረድባትም።

ሦስተኛውን እኛ ኢትዮጵያውያን ቶሎ የምናየው ይመስለኛል። ቶም ጋትስቢን የሚጠራው ከየትም የመጣ ማንም ብሎ ነው። ሮዝ ሱፍ ለብሷል ብሎ ይንቀዋል። ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ደግሞ በፈረስ የመጡ ሀብታሞች አሉ። ከመካከላቸው ያለችው ሴት ለአፏ ያህል ጋትስቢን እራት ትጋብዘዋለች። እሱ አመነ፤ ካፖርቱን ሊያመጣ ገባ። እሱ እስኪወጣ ሳይጠብቁት ሄዱ። ያች ቦታ በጣም ታሳዝነኛለች። ብሩ ከእነሱ ብር አያንስም። የጎደለው አጥንት ነው።

አጥንት ስል የት እንደምሄድ ገብቶሻል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ ወይም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ያልሰማ በመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌልን የለያቸው የገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ የሚቆጥሩት ዘር ነው፤ በዛብህ ደግሞ የባላገር ልጅ ነው። በዛብህ ወርቅ ጭኖ ቢመለስ ፊታውራሪ አባቱ ማን እንደሆነ ከመጠየቅ አይመለሱም ነበር። ስለዚህ የእኛ ታላቅ የፍቅር ልብ ወለድ «ሄጄ ሀብታም ሆኜ ልመለስ» የሚል ታሪክ ሊሆን አይችልም። ግድግዳው በብር አይፈርስማ። አሜሪካዊው ጋትስቢ ግን ግድግዳው ብር ነው ብሎ አመነ፤ አገሩም እንደዚያ ነበር የነገረችው። ደርሶ ሲነካው የፊታውራሪ መሸሻ ግድግዳ ሆኖ አገኘው። እኔ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ማስተማር የምወደው ለዚህ ነው።

«ደራሲዎቹ ሀብታም መቅጣት ይወዳሉ ወይ» ላልሽው፣ ስለ ፊትዝጄራልድ ሕይወት አንድ ነገር ልጨምር። እሱ ራሱ ይህን መንገድ ሄዶ ተሳክቶለታል። ዜልዳ ሴየር ከምትባል ልጅ ጋር ታጭተው ነበር። በ1919 ገቢው አያኖረንም ብላ እጮኝነቱን አፈረሰች። እሱ ወላጆቹ ቤት ተመልሶ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን እንደገና ጻፈ። መጽሐፉ መጋቢት 26 ቀን 1920 ወጣ፤ ሚያዝያ 3 ተጋቡ፣ ሁሉም በእነሱ አቆጣጠር። አንድ ሳምንት ብቻ ነው በመካከሉ ያለው። እንግዲህ ገንዘብ አይመልስም ብሎ የሚሰብክ ሰው አልነበረም። ተመልሶለት ያየ ሰው ነው። በ1936 በጻፈው ማስታወሻ ግን ያ ነገር ውስጡ የተወው ቁስል እንዳልዳነ ይናገራል፤ ገንዘብ ኪሱ ውስጥ እየተንኳኳ ልጅቷን ያገባው ሰው ለሀብታሞች ያለው ጥርጣሬና ቂም ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። ጋትስቢን የጻፈው እጅ ይህ ነው። ስለዚህ ቅጣት አልለውም። የሚያውቀውን ጻፈ።

አሁን ወደ ሌሎቹ። የኤምሊ ብሮንቴ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» በ1847 የወጣ ነው። ሂትክሊፍ በካትሪን አባት ቤት ያደገ የሙት ልጅ ነው። ከካትሪን ጋር አንድ ነፍስ ሆነው አድገዋል። አንድ ምሽት ካትሪን ለቤቱ ሠራተኛ ለኔሊ ስታወራ ሰማት፤ አሁን ሂትክሊፍን ባገባ ራሴን ማዋረድ ነው አለች። ብድግ ብሎ ወጣ። ቀጥላ የተናገረችውን አልሰማም። ቀጥላ ያለችው እሱ ከእኔ ይልቅ እኔን ነው የሚል ነው። ይበልጥ የሚገርመው ሌላው ነው። ሀብታሙን ሊንተንን ካገባሁ ሂትክሊፍን ከወንድሜ ጭቆና አውጥቼ እንዲያድግ እረዳዋለሁ ብላ አስባ ነበር። በሌላ ሰው ገንዘብ ፍቅርን ማዳን! ሞኝነት ነው። ግን ያቺም ልጅ ገንዘብን ለፍቅር ልትጠቀምበት ነበር ያሰበችው።

ሂትክሊፍ ከሦስት ዓመት በላይ ጠፍቶ ሀብታም ሆኖ መጣ። ከየት እንዳገኘው መጽሐፉ አይነግረንም። ካትሪን አግብታለች። ስታየው በደስታ ልታብድ ደረሰች። እሱ ግን ገንዘቡን ምን ላይ አዋለው? ድሮ ሲያሰቃየው የነበረውን ወንድሟን ሂንድሊን ቁማር እያጫወተ፣ ንብረቱን እያስያዘ፣ ቤቱን ወሰደበት። የሊንተንን እህት ሳይወዳት አገባ። ካትሪን በዚህ ሁሉ መሃል ታመመች፣ ልጅ ወልዳ ሞተች። ለእሷ የወጣች አንዲት ሳንቲም አላገኘሁም። ሙሉ ሀብቱ የበቀል ወጪ ነው። ከሞተች በኋላ 18 ዓመት ገደማ ኖረ። መጨረሻ ላይ የሁለቱንም ቤተሰብ ሀብት ጠቅልሎ ይዟል፤ ማጥፋቱ እንኳ ደስ አላለውም።

የአሌክሳንደር ዱማ «የሞንቴ ክሪስቶው ኮንት» ከ1844 ጀምሮ በጋዜጣ በተከታታይ የወጣ ነው። ኤድሞን ዳንቴስ ወጣት መርከበኛ ነው። ከመርሴዴስ ጋር የእጮኝነት ግብዣ ላይ እያለ በሐሰት ተከሶ ተያዘ። 14 ዓመት ታሰረ። አምልጦ የማይቆጠር ሀብትና ኮንት የሚል የመኳንንት ማዕረግ አገኘ። መርሴዴስ ደግሞ ካሳሰሩት አንዱ የሆነውን ፈርናንድን አግብታለች፤ ሳታውቅ። ፓሪስ ሲመጣ ሌሎቹ አላወቁትም። እሷ በድምፁ አወቀችው።

ይህን መጽሐፍ ብዙዎች የበቀል ታሪክ ብለው ያነቡታል፤ እውነትም ነው። ሚሊዮኖቹ የወጡት ጠላቶቹን ለመጣል ነው። እኔን ግን የሚይዘኝ መጨረሻው አካባቢ ያለች ትንሽ ገንዘብ ናት። ሁሉ ከፈረሰ በኋላ መርሴዴስና ልጇ የባሏን የረከሰ ሀብት ጥለው ባዶ እጃቸውን ወጡ። ኮንቱ ለመርሴዴስ ልጅ ደብዳቤ ጻፈ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና መርከበኛ ሳለሁ፣ ለማገባት ልጅ ብዬ በላቤ ያጠራቀምኩት 150 ሉዊ የሚባል የፈረንሳይ የወርቅ ሳንቲም አለ፤ ማርሴይ አባቴ ቤት ጓሮ፣ አባቴ እኔ በተወለድኩ ቀን የተከላት በለስ ሥር ተቀብሯል፤ ለእናትህ ነው ይለዋል። ሚሊዮኖች ሊሰጣት ይችል ነበር። ያንን አላደረገም። መርሴዴስም ተቀበለችው፤ ይህንን የመክፈል መብት አለው አለች። በዚያ ሁሉ ወርቅ መሃል ከልቡ ለእሷ የሆነው ይህ ብቻ ነበር። ሀብታም ከመሆኑ በፊት የተቀመጠ ነው። ይህም ቢሆን ወደ እሱ አልመለሳትም። እሷ ማርሴይ ቀረች፣ እሱ ከወጣቷ ከሃይዴ ጋር በመርከብ ሄደ። በመጨረሻ ግን ዕዳው ተከፈለ።

«የተሳካለት አለ ወይ» ላልሽው፣ አዎ አለ። የጄን ኦስተን «ፐርስዌዥን» ነው። ከሞተች በኋላ በ1817 መጨረሻ የታተመ የመጨረሻ ልብ ወለዷ ነው። አን ኤሊየት በ19 ዓመቷ ከወጣቱ የባሕር ኃይል መኮንን ከፍሬድሪክ ዌንትዎርዝ ጋር ታጭታ ነበር። ገንዘብ የለውም። እንደ እናት የምታያት ሴት መከረቻት፣ አን እጮኝነቱን አፈረሰች። ከስምንት ዓመት በኋላ ካፒቴን ሆኖ፣ በጦርነት ከተማረኩ መርከቦች በደረሰው ድርሻ 25,000 ፓውንድ ይዞ መጣ። በዚያው ሰሞን የአን አባት በብክነት ቤቱን አከራይቶ ወጥቷል።

ዌንትዎርዝ በዚህ ገንዘብ ምን አደረገ? ለአን ለማሳየት ምንም። ተቆጥቶ ነው የመጣው፤ ሌላ ሴት ፈልጎ ሊያገባ ያስባል፣ አንን «በጣም ተለውጣለች» ብሎ ይናገራል። ልቡ የተመለሰው ቀስ በቀስ እሷን ሲያያት ነው። ሰው ሲወድቅ እሷ ብቻ ሳትደናገጥ ስትቆም፣ የማንም ትኩረት ያላገኘች ሆና ሁሉን ስትረዳ። መጨረሻ ላይ አን ስለ ሴቶች ታማኝነት ከሌላ ካፒቴን ጋር ስታወራ እሱ እዚያው ክፍል ተቀምጦ ይሰማታል፤ እየሰማም ደብዳቤ ይጽፍላታል። በደብዳቤው ውስጥ ስለ 25,000 ፓውንዱ አንድም ቃል የለም። ነፍሴን ወጋሽው፣ ግማሼ ስቃይ ግማሼ ተስፋ ነው ይላታል። መልሷን ይጠብቃል።

ገንዘቡ ጥቅም የለውም አላልኩም። ያለ ገንዘቡ ቤተሰቧ ደስ አይላቸውም ነበር፣ ኦስተንም ይህን አትደብቅም። ግን ገንዘቡ በሩን ከፈተ እንጂ እንዲናገርለት አልተላከም።

ከታረቁ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጠይቃታል። በ1808 ጥቂት ሺህ ፓውንድ ይዤ፣ መርከብ ተሰጥቶኝ ስመለስ ያኔ ብጽፍልሽ ትመልሺልኝ ነበር? አን «እንዴታ!» በሚል ቃና ትመልሳለች። ያኔ ክው አለ። ሊጽፍላት አስቦ ነበር፤ ግን ኩራቱ ከለከለው። ስድስት ዓመት በከንቱ። ያስፈለገው 25,000 ፓውንድ አልነበረም። ጥቂት ሺዎቹም፣ ምናልባት ደብዳቤው ብቻውንም፣ ይበቁ ነበር።

ደቡብ አፍሪካ ሠርቶ የተመለሰው ወንድማችን ጋር ልጨርስ። ሐሳቡን አልንቀውም። በሰው አገር ሱቅ ውስጥ እየተዘረፈ፣ እየፈራ ብር ያጠራቀመ ሰው «ገንዘብ አይመልስም» ሲባል የድካሙ ዓመታት ከንቱ ናቸው የተባለ ይመስለዋል። አይደሉም። ገንዘቡ እናት ይጦራል፣ ቤት ይሠራል፣ ወንድም ያስተምራል። «የማይመልሰው ነገር የለም» የሚለውን ግን አልቀበለውም፤ ጥያቄውን ደግሞ በሌላ መንገድ እንዲያየው እፈልጋለሁ። ልቡ ውስጥ ሴት ካለች፣ ከሠራው ውስጥ የትኛው ለእሷ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ «ምን አለህ?» ብለው ላሳፈሩት ሰዎች እንደሆነ ለይቶ ይየው። አግብታ ልጅ ወልዳ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሰው ትዳር በር አይንኳኳም። ነፃ ከሆነች ግን ቤቱ ጣሪያ እስኪለብስ ምን ያስጠብቀዋል? ዛሬ ይደውልላት።

ለሚቀጥለው እሁድ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። የጋትስቢን ሰባተኛ ምዕራፍ፣ የፕላዛውን ክፍል፣ ድምፅ አውጥታችሁ ተከፋፍላችሁ አንብቡት። የዴዚን ንግግር «ብር ወዳድ ናት» ካሉት ወንዶች አንዱ ያንብበው። ከዚያ የ«ፐርስዌዥን» 23ኛ ምዕራፍ ይቀጥል፤ ደብዳቤውም የ1808ቱ ጥያቄም እዚያው ውስጥ ናቸው። የዌንትዎርዝን ክፍል ለማን እንደምትሰጡት አንቺ ታውቂያለሽ።